ሁለተኛው ፈተናና የአለቃዬ መንጋጋ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንዴት ከርመዋል አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ዘንድሮ ምሕረት አደረገልዎት? ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርዎ ሳል ለቀቅ አደረገዎት? ይህን ደብዳቤ በመነጽርዎ ራስዎ እያነበቡት ነው ወይስ እህቴ እትዬ እያነበበችልዎ ነው? የምታነበው እሷ ከሆነች፣ አደራ፣ ያልጻፍኩትን እንዳትጨምርበት፤ የጻፍኩትንም አሳዘነኝ ብላ እንዳትዘልበት። እኔም አማችዎም በሰውነታችን ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። በሰውነታችን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌላውን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ያን ሰሞን ስደውል ጆሮዎ እምቢ ብሎዎት እኔ ስጮህ፣ እርስዎም በሌላ ሲመልሱልኝ፣ ጎረቤቴ ግድግዳ እስኪደበድብ ተጯጩኸን ሳንግባባ ተለያየን። በኋላ እትዬ እንደነገረችኝ፣ ስልኩን አስቀምጠው «ይህች ልጅ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ጥርስ ስታክም ኖራ እንዴት በጥርስ ፈተና ትወድቃለች? ሐኪምነት ድንበር ሲሻገር እንደ ወተት ይበላሻል ወይ?» ብለዋል። እሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ቃሉ ከሆዴ አልወጣ አለ። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልነግርዎ ነው። ለደብዳቤ ጆሮ አያስፈልግም።

እዚህ ስንመጣ የአገር ቤት ወረቀቴን አገላብጠው አዩና «ጥሩ ነው» ብለው መለሱልኝ። ጥሩ ከሆነ ለምን አያሠራኝም ብላቸው፣ መጀመሪያ ተፈተኚ አሉኝ። እርስዎ ከጭነት መኪና ወደ ሕዝብ ማመላለሻ ሲዛወሩ፣ አገሩን በጎማዎ ያዳረሱት ሰውዬ፣ አንድ ጎረምሳ ፈታኝ አጠገብዎ ተቀምጦ በተተከለ እንጨት መሐል ወደ ኋላ እንዳስነዳዎት ማለት ነው። ፈተናው ሁለት ነው። አንደኛው በወረቀት ነው፤ እሱን ያኔውኑ አለፍኩ። ሁለተኛው በእጅ ነው፤ እውነተኛ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የበሰበሰውን ጥርስ ጠርጎ፣ ሞልቶ ማሳየት ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሽተኛውን ፈልጎ የሚያመጣው ተፈታኙ ራሱ ነው።

ያውም የተገኘውን አይደለም። ሁለት መንጋጋ በሚገናኝበት የጀመረ ብስባሽ መሆን አለበት። ትንሽ ከሆነ «ገና ነው» ይላሉ፤ ትልቅ ከሆነ «ነርቩ ጋ ደርሷል» ብለው ይመልሳሉ። ከላይ ወይም ከታች የሚገጥመው ጥርስ መኖር አለበት፤ ሰውየው ሌላ ሕመም ሊኖርበት አይገባም፤ ግማሽ ቀን አፉን ከፍቶ መቀመጥም መቻል አለበት። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ለዚህ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ይቆጠራል። አማችዎን አስቀምጬ አፉን ባየው ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ደህና። ከተጋባን ወዲህ በጤንነቱ የተናደድኩበት ያን ቀን ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲያዛጋ አፉ ውስጥ የምመለከት ሆንኩ። ሰው ቀልዶ ሲያስቅ እኔ የሚታየኝ ሳቁ ሳይሆን መንጋጋው ነው።

በመጨረሻ መንገዳችን ላይ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ አገኘሁ። ቀጭን፣ ተጫዋች ሰው ነው። ጥርሱ ልክ የተፈለገው ዓይነት ነበር። የፈተናው ዕለት አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከየወንበሩ በላይ መብራቱ አንገቱን ደፍቷል። ዕቃዬን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ ነርሷ መጥታ የሰውየውን ደም ግፊት ለካች። አረፍ አስብላ እንደገና ለካች። ቀና ብላ «ይህ ሰው ዛሬ መታከም የለበትም» አለችኝ። ግፊት እንዳለበት እሱም አያውቅም ነበር፤ የዚያን ዕለት ነው የሰማው። እንግዲህ አባባ፣ የወደቅሁት እንዲህ ነው። ጓንት እንኳ አላጠለቅሁም። ከመነኻሪያው ሳይወጡ ጎማ እንደተነፈሰብዎት ይቁጠሩት። ታክሲ ነጂው በአፈረ ፊት እስከ ቤቴ ወሰደኝ፤ እሱን ሳጽናና ደረስን።

ቀጣዩ ዙር ግማሽ ዓመት ይጠበቃል። ሁለተኛ ጊዜ የወደቀ ደግሞ ያለፈው የወረቀት ፈተና ሳይቀር ይሰረዝበትና ከዜሮ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይተዉታል። በረዳትነት የሚሠሩ አሉ፤ ሙያውን ጭራሽ የረሱም አሉ። እኔም ለአማችዎ ይህን ካላለፍኩ በቃኝ አልኩት። የሥራ ድካም ሲተኙ ይወጣል። ይሄኛው ግን አብሮ ይተኛል፤ ጠዋት ደግሞ ቀድሞ ተነሥቶ ይጠብቃል።

ያን ጊዜ የምሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበር። ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም። ማድረቂያዎቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንዘፈዘፋል፤ ማታ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላም እግሬ ይንዘፈዘፍብኛል። የሳሙናው ሽታ ከጸጉር አይለቅም። በእረፍት ሰዓት ገና ባልታጠበው የፎጣ ክምር ላይ ጋደም ብዬ መጽሐፌን አነባለሁ፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ዓይኔ ይከደናል። አለቃችን ከአንሶላው እስከ ደቂቃው ሁሉንም ስለሚቆጥር ከኋላው «ቆጣሪው» እንለዋለን። ፊቱ ላይ ግን «ጌታዬ» ነው የምንለው።

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍ ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፤ ከዚያ ፊት ለፊት ተራምደው ጫፎቹን ያገናኛሉ፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ነው የሚደርሱት። አብራኝ የምታጥፈው ሴት ሁሉም ነገር ስለሚያስቃት «ሳቂታዋ» ትባላለች። አንሶላ ሲቀደድ ትስቃለች፤ ቆጣሪው ሲቆጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች። አንድ ቀን ጫፍ ስናገናኝ ስትስቅ በታችኛው መንጋጋዋ መካከል ጥላ አየሁ። «እስቲ ጥርስሽን ልየው» ብላት «ምን አጠፋ?» አለችኝ። ነገሩን ስነግራት ሁለቴ አላሰበችም። «ለኔ ምን ሠራልኝ፤ ውሰጂው» አለች፣ ጥርሷን እንደ ትርፍ ጃንጥላ። አጠገባችን ባለ ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ደግ የጥርስ ሐኪም ራጅ አነሣችልኝ፤ ለፈተና ተብሎ የተሠራ ይመስል ነበር። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሳቂታዋ መሳቅ አቆመች። መጀመሪያ የቤቷ ጉዳይ መሰለኝ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ መሸሿን አየሁ፤ በአንድ በኩል ስታኝክ አየሁ፤ በሻይ ሰዓት ደግሞ ዞር ብላ ክኒን ስትውጥ ደረስኩባት። «ራሴን አሞኝ ነው» አለችኝ። ስንት ሰው ነው ጥርሱን እያመመው ራሴን ነው ብሎ የሸነገለኝ። እጇን ከጉንጯ ላይ አንሥቼ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። «እችለዋለሁ። ልጅ ወልጄ የለም እንዴ? ፈተናሽ ይለፍና ያኔ እንደፍጥርጥሩ» አለችኝ።

ያን ቀን ማታ ለአማችዎ ነገርኩት። «ራሷ ፈቅዳለች፤ ሁለት ሳምንት እኮ ነው» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያውቁታል፤ እሱም ደክሞታል። እኔም በሆዴ ያልኩት እሱኑ ነው። ነገር ግን እሱ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ። ያ ጥርስ አሁን ቢታከም ይድናል፤ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነርቩ የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው። ያ እንደሚሆን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ጥርሱ በኋላ ቢሞትም የሚጠይቀኝ የለም። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ። ሐኪም ለመባል ብዬ ሐኪም የማያደርገውን ላደርግ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላስ በምን ዓይኔ ነው የሰው አፍ የማየው?

በማግሥቱ ከቆጣሪው ፈቃድ ለምኜ ይዣት ክሊኒክ ሄድኩ። ያችው ሐኪም ወዲያው አስቀመጠቻት። ለማከም ፈቃድ ስለሌለኝ ውጭ ሆኜ በመስታወቱ አየሁ። መብራቱ ወረደ፤ ማደንዘዣው ተወጋ፤ እያንዳንዱን ነገር እጄ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ያን ያህል የጠበቅሁትን ጥርስ ሌላ እጅ ጠርጎ ሞላው። ሐኪሟ ወጥታ «በጊዜ ነው ያመጣሻት» አለችኝ። ሳቂታዋ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ በተጣመመ አፍ «አበላሸሁብሽ» አለችና አለቀሰች። አላበላሸሽም አልኳት። እውነቱን ልንገርዎ አባባ፣ ያኔ ሆዴ እንደ አፌ አልነበረም።

እሷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ፤ ብከፍት ባሏን፣ የባሏን ወንድምና አክስቷን አስከትላ ቆማለች። «ከነዚህ መካከል ምረጪ» አለችኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ አልጋው ላይ በተርታ ተቀመጡ። አማችዎ ሻይ አፈላ፤ እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ አፍ ለአፍ ዞርኩ። ባሏ ጥርሱ እንደ ካብ ድንጋይ ነው፤ ነቅነቅ የሚል የለበትም። የባሏ ወንድም ጥርስ ከመበስበስ አልፎ ታሪክ ሆኗል። አክስቷ ደግሞ አፍዎን ይክፈቱ ስላቸው፣ ጥርሳቸውን ሙሉውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ደህና አድርገሽ እይው» አሉኝ። ሳቂታዋ አልጋው ላይ ተንከባለለች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ፈተናው ዘጠኝ ቀን እንደቀረው ትዝ አለኝና ፊቴን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ።

ወሬው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ተዛመተ። ሰኞ ዕለት አንሶላ ተኳሹም፣ ጋሪ ገፊውም አፉን እየከፈተ ይጠብቀኝ ጀመር። ቆጣሪው ደርሶ «እዚህ ቤት የሚታጠበው አንሶላ ነው ወይስ ጥርስ?» ብሎ በተነን። ከምሳ በኋላ ግን ሳሙና ማስቀመጫው ጋ ጠራኝ። ገባሁ። በሩን ገርበብ አደረገና፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ «እስቲ ይችን እያት» ብሎ አፉን ከፈተ። አባባ፣ የላይኛው መንጋጋ ነው። ልክ የሚፈለገው ዓይነት ነበር፤ ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገኝም። ከስንት ዓመት ጀምሮ ምግብ እየገባ ያስቸግረዋል፤ ሐኪም ቤት ደጃፍ እየደረሰ ይመለሳል። የፈተናውን ነገር ዘርዝሬ ነገርኩት። አገጩን እያሸ «ካለፍሽ አጣፊ አጣለሁ፤ ከወደቅሽ ጥርስ አጣለሁ። በየት በኩል ቢመጣ ከሳሪው እኔ ነኝ» አለ። ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ቀልዶ ከሆነ ማለቴ ነው።

ራጁ ጥሩ ወጣ። የፈተናው ዕለት ቆጣሪው ሰርግ የተጠራ ይመስል ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከቀጠሮው ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አዳራሹም ያው፣ ነርሷም ያችው ናት። ግፊቱን ለካችና ፊቷን ቋጠር አደረገች። «ከፍ ብሏል፤ ይረፍና እንደገና አንድ ጊዜ እለካዋለሁ» አለች። እሱ «እኔ ፈርቼ አላውቅም» ይላል፤ እጁ ግን የወንበሩን ክንድ አንቆ ይዞታል። አይዞህ ብለው እንደሚብስበት ገባኝ። ስለ ጥርስ አንድም ቃል ሳልተነፍስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ከላይ ፎቅ የሚመጣው አንሶላ ለምን ሁልጊዜ ጎድሎ እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ጀመረ። ስንት ወርዶ ስንት እንደሚመለስ፣ የትኛዋ ክፍል አጽጂ በአንሶላ መስኮት እንደምትወለውል፣ ለማን ተናግሮ ማን እንዳልሰማው፣ አንድ በአንድ። እጁ ክንዱን ለቀቀ። ነርሷ ተመልሳ ስትለካው ከወሰኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ጀምሪ» አለችኝ።

ጀመርኩ። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ ስለዚያ አይጨነቁ። መሐል ላይ ግን ብስባሹ ራጁ ላይ ከታየው ጠልቆ አገኘሁት። እንዲህ ሲሆን ደንቡ አቁሞ እጅ አውጥቶ ፈታኝ መጥራት ነው፤ ሳያስፈቅድ የቀጠለ ይወድቃል። ቢያስፈቅድም፣ ፈታኙ ያለምክንያት ነው ካለ ነጥብ ይቀነስበታል። እጄን አወጣሁ። ፈታኞቹ ሌላ ረድፍ ላይ ናቸው፤ የሚመጣ የለም። ሰዓቱ ይሄዳል። ቆጣሪው አፉን እንደከፈተ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም በዓይኔ ቆይ እለዋለሁ። ትከሻዬ እስኪዝል እጄን እንደሰቀልኩ ቆምኩ። ሸበቶዋ ፈታኝ መጣች፤ ጎንበስ ብላ በመስታወቷ አየች፤ ምክንያቴን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ቀጥዪ» ብላ ሄደች። ጠረግሁ፤ ሞላሁ፤ አስተካከልኩ፤ አስነከስኩት። ከዚያ ሦስት ፈታኞች በየተራ መጥተው አዩት። ከአፍ መሸፈኛው በላይ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው፤ ዓይናቸው ደግሞ ምንም አይናገርም። ስንወጣ ቆጣሪው በደነዘዘ ከንፈር «እንዴት ሆነ?» አለኝ። አላውቅም ጌታዬ አልኩት። «እኔ ግን ምንም አላመመኝም» አለ፤ እንደዚያ ማለቱ ለእሱ ብዙ ነው።

ውጤቱ ሥራ ላይ ሳለሁ በስልኬ መጣ። አልፌያለሁ። አንሶላው በእጃችን እንደተወጠረ ለሳቂታዋ አሳየኋት፤ ጫፏን ለቃ አቀፈችኝ፤ አንሶላው መሬት ወደቀ። ቆጣሪው ሊቆጣ መጣና ስልኩን አነበበ። ሄዶ ትልቁን መተኮሻ ማሽን አጠፋው። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ያ ማሽን በሥራ ሰዓት ሲቆም አይቼ አላውቅም፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ሁሉም ቀና አለ። «አልፋለች» አለና መልሶ አስነሣው። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው እንቅልፍ ነው። ቤት ገብቼ ከነጫማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ አማችዎ ማታ መጥቶ ጫማዬን ሲፈታልኝ እንኳ አልነቃሁም።

ያለፈው ሳምንት ያችው ደግ ሐኪም የምትሠራበት ክሊኒክ ሥራ ጀመርኩ። እትዬ ለሰፈሩ ሁሉ እልል ብላ እንዳትናገር ይከልክሉልኝ፤ ገና አልሰከንኩም፤ ጠዋት ስነሣ አሁንም እጄ አንሶላ ይፈልጋል። የመጀመሪያ በሽተኛዬ አንዲት አዛውንት ነበሩ። ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ከተቀመጡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና «አዲስ ነሽ ልጄ?» አሉኝ። አሥራ አንዱን ዓመት ልንገራቸው ብዬ አሰብኩ፤ ታክሲ ነጂውን፣ ምድር ቤቱን፣ ሁሉንም። ጉልበቱ አልነበረኝም። አዎ እማማ፣ አዲስ ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያስ ቀስ ብለሽ ሥሪ፤ እኔ አልቸኩልም» ብለው አፋቸውን ከፈቱልኝ።

እንግዲህ አባባ፣ ወሬዬ ይኸው ነው። እትዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን እያነበበች ከሆነ ራሷ ትሳም። ባሏን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ትልቁ ልጅ ቁመቱ በሩን አልፏል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አጎንብሶ ይግባ ይበሉት። ወሬኛዋ የእህቴ ልጅ ስንት ጥርስ እንደነቀለች ትጻፍልኝ፤ ከረሜላውንም ትቀንስ። ጎረቤታችንን እማማን፣ ያ አሮጌ ረዳትዎንም፣ አሁንም እየመጣ ካጫወተዎት፣ ሰላም ይበሉልኝ። አማችዎ ጉልበትዎን ስሟል። እርስዎም ሳሉን በቸልታ አያሳልፉት፤ መታየት ካለበት ይታይልዎት። እኔ ልጅዎ ከሩቅ ሆኜ እጅዎን እስማለሁ።

የእርስዎው ትንሿ፤
ከኪራይ ቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፤
ኅዳር 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ።